እናቴ መርከብ ያቆመችበት ቀን

ባለፈው ወር ሳንዲ ስፕሪንግስ የምትኖረው ትልቋ ልጄ እራት ጠራችን። ሳህኑ ሳይነሣ ስልኳን ከፊቴ አስቀመጠችና፣ በበጋው ቤተሰቡን በሙሉ በመርከብ ልትወስደን ቡክ እንዳደረገች ነገረችኝ። ስልኩ ላይ የሚታየው መርከብ አንድ ወረዳ ያህላል፤ ጣሪያው ላይ ልጆች በውኃ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ባለቤቴ ታደሰ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ስለ ዋጋው አልጠየቀም፤ ስለ ምግቡም አልጠየቀም። «ሰዓቱስ እንዴት ነው?» አለ። ልጄ አልገባትም። «ዳዲ፣ ስልኩ ራሱ አድጀስት ያደርገዋል፤ ላይክ፣ ምንም መንካት የለብህም» አለችው። ታደሰ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሰዓት በእጅ ይስተካከል በነበረበት ዘመን፣ አንድ መርከብ እኛን ብሎ ወደብ ላይ ቆሞ ነበር። ያን መርከብ ያቆመችው እናቴ ናት ሲባል አትላንታ ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ የለም ማለት ይቻላል።

ያኔ የምንኖረው ቻምብሊ ነበር፤ ከቢፎርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ ባለ፣ ቡናማ እንጨትና ቀይ ጡብ ባለው አፓርታማ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ሕንፃው ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፣ ስሙም ተለውጧል፤ የኛን መስኮት ግን አይቼ አልፋለሁ። መንገዱ ያኔ የእግረኛ መሄጃ አልነበረውም። ሰው ሣሩን እየረገጠ የራሱን ቀጭን መንገድ አውጥቶ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ ልብስ ማጠቢያው፣ ከልብስ ማጠቢያው እስከ ሜክሲኮዎቹ ዳቦ ቤት። ቤንዚን ጋሎኑ ዶላር አካባቢ ነበር። የዶሮ ጭን በትልቅ ከረጢት ሁለት ዶላር ይሸጣል፤ የቤት ኪራዩን ለዛሬ ልጆች ብነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል። አገር ቤት ለመደወል ካርድ ተገዝቶ በሳንቲም ይፋቃል፤ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ሲባባሉ ካርዱ ያልቃል። የታደሰ ታክሲ ቴፕ በአንድ በኩል ብቻ ነበር የሚሰማው። ዘፈኖቹ ከካሴት ካሴት ሲገለበጡ የኖሩ ስለሆኑ ከዘፋኙ ድምፅ ፍሽታው ይበልጣል፤ ግን በቃላችን ስለምናውቃቸው ያልተሰማውን እኛው እንሞላው ነበር። እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ኦፍ የምሆንበት ቀን ሲደርስ፣ ትከሻው ስፖንጅ የገባበትን ሰማያዊ ጃኬቴን ለብሼ በዚያች በሣሩ መንገድ ስሄድ ሚኒስትር የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።

ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ከድጃ ትኖር ነበር። እሷ የደሴ ልጅ ናት፤ እኔ የሐይቅ። አገር ቤት ብንሆን በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ሳንተዋወቅ እንወርድ ይሆናል፤ ቻምብሊ ግን እህትማማች አደረገን። እንደኛው በሱዳን በኩል ነው የመጣችው። ባሏ ካርቱም ላይ በወባ ሞቶባት ብቻዋን ነበረች። መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ የመስታወት ቤት ቁጭ ብላ ገንዘብ ስትቀበል ትውላለች። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ የምታስር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ዝምታዋ ግን ኩራት አልነበረም፤ ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው የምታዳምጥ ስለሆነች ነው። በእኛ ፋሲካ ሥጋዋ በእሷ ወገን ታርዶ ለብቻዋ ድስት ይመጣላታል፤ በእሷ ኢድ ደግሞ ለኛ ሲባል ሽሮው ለብቻው ይሠራል። ይህን ማንም ለማንም አላስረዳም፤ ወሎ ለተወለደ ሰው የሚብራራ ነገር አይደለም።

እናቴ ወይዘሮ ትርንጎ የመጣችው ልጄ ከተወለደች በኋላ ነው። ግሪን ካርዷ ወጥቶ ኤርፖርት ስንቀበላት፣ በነጠላዋ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ከአውሮፕላን የወረደች ሳይሆን ከጎረቤት ቤት የመጣች ይመስል ረጋ ብላ ነበር። እሷ የመጣች ዕለት ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ገባ። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ስንል እሷ ሦስት ናት የምትለው፤ ልጄም አፏን የፈታችው በሁለቱም ነው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲያዝላት «የነሱን ነው የኛን?» ሳትል አትወጣም። ሌላው ነገራችን ደግሞ የማይነሣው ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ነበር። ነጭ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ በእናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ሆነ። አንዱ መርከባቸው ወጥታ አልተመለሰችም አለ፤ ሌላው የመን ገብተዋል አለ። መርዶ የነገረን ግን የለም፤ መርዶ ካልተነገረ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ ተዝካር አላወጣችም፤ ስሙን አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም። እኛም ሕመሟን እንዳንነካ ብለን አናነሣም ነበር።

እንዲህ ባለንበት፣ የሆቴላችን ሠራተኞች የገና ግብዣ ላይ ዕጣ ወጣ። የኔ ስም አሰለፈች ነው፤ ማናጀሩ «አስላ» ብሎ ሲጠራ ጓደኞቼ ገፍተው አስነሡኝ። ለሁለት ሰው የመርከብ ሽርሽር ነበር የደረሰኝ። እኔ ልሸጠው አስቤ ነበር፤ ታደሰ ግን አንድ ቀን እንደ ሰው እንሂድ አለ። የሁለት ሰው ጨምረን ከድጃን ይዘናት ልንሄድ ተስማማን። ሕፃኗን የታደሰ እህት ልትይዝልን ቃል ገባች። የቀረው እናቴ ናት። እምቢ ትላለች ብለን ማባበያ ቃል ሁሉ አዘጋጅተን ነበር። ስንነግራት ቀና ብላ፣ «ባሕር ነው?» አለችኝ።

«ባሕር ነው እማዬ፤ ትልቁ ባሕር።»

«እሄዳለሁ» አለች።

ሰባ አምስት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ቁልቁል ወደ ፍሎሪዳ ወረድን። ታደሰ ለዚህ ጉዞ ብሎ ነጭ ሱሪና ነጭ ጫማ ገዝቷል፤ ቡና እንዳይፈስበት ጭኑ ላይ ፎጣ አንጥፎ ነው የነዳው። ወደቡ ስንደርስ መርከቡ እንደ ነጭ ግድግዳ ቆሟል። እናቴ እሱን አላየችም። ከጎኑ አልፋ የምታየው ውኃውን ነበር። ያደገችው በሐይቅ ውኃ ዳር ነው፤ ያንንም ባሕር ነው የምንለው። እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ ብዙ ተመለከተችና፣ «ይሄ ማዶ የለውም» አለች። መርከቡ ተንቀሳቅሶ የብሱ እስኪጠፋ ድረስ ከመደገፊያው አልተለየችም። እኔ የፈራች መስሎኝ ደጋግሜ ወደ ውስጥ እንግባ አልኳት፤ ከድጃ ግን እጄን ያዝ አድርጋ ተያት በሚል ዓይን አየችኝ። ካፖርቷን አምጥታ አለበሰቻትና ከጎኗ ቆመች።

የመርከብ ኑሮ ለኛ አዲስ ነበር። አልጋህን ሌላ ሰው ያነጥፍልሃል። እኔ የሰው አልጋ አንጣፊ፣ ጠዋት ጠዋት ክፍል የምታጸዳዋ የፊሊፒንስ ልጅ ሳትመጣ ተነሥቼ አንሶላውን እወጥር ነበር፤ በኋላ ልጅቷ በሳቅ ተቆጣችኝ። ለእራት ሱፍ ይለበሳል፤ ታደሰ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ እንደ አምባሳደር ይቀመጣል። ከሁሉ ያስቸገረን ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንን አዳራሽ ሰብስበው፣ ድምፅ ማጉያ የያዘች ልጅ ደጋግማ አስጠነቀቀች። መርከቡ የራሱ ሰዓት አለው፤ የምንወርድባቸው ደሴቶች ደግሞ ሌላ ሰዓት ይኖራቸዋል፤ የፈለጋችሁትን ግድግዳ ላይ ብታዩ በመርከቡ ሰዓት ተመለሱ፤ በመርከቡ በኩል ጉብኝት የገዛውን ሰው እንጠብቃለን፤ በራሱ የሄደውን ግን አንጠብቅም፤ አለች። ከድጃ እያንዳንዱን ቃል ለእናቴ በጆሮዋ ትተረጉምላት ነበር። እናቴ አዳምጣ አዳምጣ፣ «ታዲያ ጾሙን በየትኛው ነው የምፈታው?» አለች። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለችና ነገሩ ለሷ ቀልድ አልነበረም። ከድጃ ለሶላቷ ስትል በየቀኑ ወደ ላይኛው ደርብ እየወጣች ፀሐይ ታይ ነበር፤ ምሥራቁን ለማወቅም መርከቡ በዞረ ቁጥር ትዞራለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተስማሙ፤ ከድጃ አሱርን፣ የከሰዓቱን ሶላት፣ ስትሰግድ እናቴ ጾሟን ትፈታለች። አንዷ ምንጣፏን ስታጥፍ ሌላዋ ዳቦዋን ስትቆርስ ባየሁ ቁጥር፣ እነዚህ ሰዎች ያደጉበትን አገር አመሰግናለሁ።

ታደሰ አዳራሹ ውስጥ አብሮን ነበር። ግን ታክሲ ነጂ ነው፤ የገባበትን አገር ሰዓት ማክበር ለሱ ጨዋነት ነው። ወደ ሜክሲኮ በኩል ካሉት ደሴቶች አንዷ ስንደርስ፣ ከመርከቡ እንደወረድን ከወደቡ በር ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየና የእጁን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰ። ሲመልስ አይቼዋለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። በመርከቡ በኩል የሚሸጠው ጉብኝት ውድ ስለነበር፣ ደጅ ከቆሙት ባለ ታክሲዎች አንዱን በምልክትም በእንግሊዝኛም ተስማማን። ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናቸው አሮጌ፣ መሪያቸው ላይ መስቀል አንጠልጥለዋል። በደሴቲቱ መሀል የጥንት ሰዎች የሠሩት የድንጋይ ፍርስራሽ አለ አሉን። እናቴ አልሄድም አለች፤ ባሕሩ ዳር መቀመጥ እፈልጋለሁ አለች። ከድጃም እኔ ከእማማ ጋር እሆናለሁ፤ እናንተ ሂዱ፤ ከተጋባችሁ ሽርሽር አታውቁም ብላ ገፋችን። ተለያየን።

እኛ በድንጋዩ መሀል ስንዞር እነሱ ምን እንዳደረጉ በማግስቱ ነው ከድጃ የነገረችኝ። ከወደቡ ትንሽ ራቅ ብሎ ነጭ አሸዋ ነበር። ሰው በዋና ልብስ ሲራገጥ፣ እናቴ በረጅም ቀሚሷና በነጠላዋ እስከ ውኃው አፍ ሄደች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ይሄ ውኃ ከምጽዋው ውኃ ጋር ይገናኛል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከድጃ ዙሮ ዙሮ ይገናኛል፤ ባሕር ሁሉ አንድ ነው አለቻት። እናቴ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘገነች፤ ፊቷን ታጠበችበት። ያን ጊዜ ስለ ደምሴ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከመወለዱ እስከ ፎቶው። ለእኔ ለልጇ ያልነገረችኝን ለከድጃ ነገረቻት። በመጨረሻም እንዲህ አለች።

«ሰው ሲሞት አፈር ይቅለለው ይባላል። ለሱ አፈር የለው። ውኃ ለወሰደው ምን ይባላል ከድጅዬ?»

ከድጃ እጇን ዘርግታ በሷው ሃይማኖት ዱዓ አደረገችለት፤ እናቴ ደግሞ በሷው አማተበች። ከዚያ ሁለቱም አሸዋው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከድጃ አስነሥታት ወደ መርከቡ መለሰቻት። የከድጃ ሰዓት ከፍሎሪዳ ከወጣን ጀምሮ አልተነካም ነበር።

እኛ ደግሞ ፍርስራሹን አይተን ስንመለስ ከተማው ውስጥ ወረድን። በታደሰ ሰዓት ገና ብዙ ጊዜ አለን፤ በሱቁ ግድግዳ ላይ ያለውም ሰዓት ከሱ ጋር ይስማማል። ለእናቴ ጥላ እንዲሆናት የገለባ ባርኔጣ እየመረጥኩ ነበር። ታደሰ ለራሱም አንድ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ በመስታወት ራሱን ያያል። ከሩቅ የመርከብ ጥሩምባ ተሰማ። ምንድነው አልኩት፤ ሌላ መርከብ ነው አለኝ። በር ላይ የቆሙት ባለ ታክሲ ግን ገቡ። የታደሰን እጅ ያዙና ሰዓቱን አዩ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ጠቁመው ጣታቸውን አንድ ብለው አነሡ፤ አንድ ሰዓት ማለታቸው ነበር። ታደሰ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ባርኔጣውን እንደደፋ ነው የወጣነው፤ ባለሱቁ ተከትሎን ሮጦ ሒሳቡን ከመኪናው መስኮት ተቀበለ።

እኒያ ሽማግሌ በዚያ አሮጌ መኪና እንዴት እንደነዱ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። መስቀሉ ከመሪው ላይ ወዲያ ወዲህ ይማታል። እኔ ግን ሰውየውንም መንገዱንም አላየሁ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ቋንቋ በማታውቅበት መርከብ ላይ፣ ማዶ በሌለው ውኃ ላይ፣ ልጇን የብስ ጥላ ስትሄድ። ወንድ ልጇን የወሰደባት ውኃ እንደገና ከልጅ ሊለያት ነው።

ወደቡ ስንደርስ ወደ ባሕሩ የሚገባ ረጅም የኮንክሪት መንገድ አለ፤ በመጨረሻው መርከባችን ይታያል፤ ከገመዶቹ አንዱ ብቻ ቀርቷል። ሮጥን። የታደሰ ባርኔጣ በረረ፤ ነጭ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ከላይ ከደርቡ ሰዎች እያዩን ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ። ስንቀርብ ወደ መርከቡ ከሚያስገባው ድልድይ አፍ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። እናቴ ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በአንድ በኩል ከድጃ ቆማለች። በሌላው በኩል ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ መኮንን፣ ግሪክ ነው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል። ድልድዩን ሊያነሡ የመጡት መርከበኞች ከኋላው እጃቸውን አጣምረዋል።

እግሯ ሥር ወደቅኩ። እናቴ ላቤን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ምነው ሮጣችሁ? ትወድቃላችሁ እኮ» አለች።

መኮንኑ አልተቆጣንም። በእጁ ግቡ አለን። እናቴን ከአንድ ወገን እሱ፣ ከሌላው ከድጃ ደግፈው አስነሧት፤ ወዲያው ድልድዩ ተነሣ፣ የቀረው ገመድም ተፈታ። ምን እንደተደረገ ስጠይቅ ከድጃ እማማ አልነሣም ብለው ተቀመጡ፤ እኔም ትንሽ አስረዳሁት አለች። ከዚህ በላይ አልጨመረችም። በዚያን ዕለት እራት ላይ መኮንኑ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። በከድጃ በኩል ለእናቴ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ የልጅዎ ስም ማን ነበር አላት። እኔ ደነገጥኩ፤ ይህ ሰው ስለ ወንድሜ ከየት ሰማ? እናቴ ግን አልደነገጠችም። ቀጥ ብላ አየችውና፣ «ደምሴ» አለች። ያ ስም ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ። መኮንኑ እንዳቅሙ ደገመው፤ «ደምሲ» አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰግዶላት ሄደ። ከዚያ እስክንወርድ ድረስ እናቴ በምትቆምበት መደገፊያ አጠገብ በየጠዋቱ ወንበር ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር።

አትላንታ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገባ፤ ታደሰ ለታክሲ ጓደኞቹ፣ እነሱ ለሚስቶቻቸው። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ወጣቶቹ «መርከብ ያቆሙት እማማ» ይሏታል። አንዳንዱ ጨምሮበት ካፒቴኑን በጥፊ መታችው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እሷም «መርከብ የሚያቆመው ፈጣሪ ነው» ትላለች፤ ግን ፊቷ ይበራል። እንዴት ነበር ያላትን ሰው አስቀምጣ ትነግረዋለች፤ ስትነግረውም ከደምሴ ነው የምትጀምረው። በልጅነቱ ከሐይቅ ዓሣ እየያዘ እንዴት እንደሚያመጣላት፣ ቁመቱ የበሩን ጉበን እንዴት ይነካ እንደነበር፣ ሁሉንም ትናገራለች። በዚያው ዓመት ተዝካሩን አወጣችለት፤ ቄሱ ስሙን ሲጠሩ በአደባባይ አለቀሰች። ሰውየው ፊቴን አይቶ ነው ያወቀው ትለን ነበር፤ ሐዘንን መርከበኛ ያውቀዋል ትላለች።

ከዚያ ብዙ ዘመን ኖረች። ከድጃ ዱሉዝ ሄዳ ትንሽ ሱቅ ከፈተች፤ ቅመማ ቅመምና ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። እኛም ቤት ገዝተን ከቻምብሊ ወጣን። ግን ከድጃ በየሳምንቱ እናቴን ሳታይ አትቀርም ነበር፤ በመጨረሻ ዓይኗ ሲደክም በእጇ የምታጎርሳት እሷ ናት። እናቴ ዘጠና አልፏት፣ በአልጋዋ ላይ፣ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ከበዋት ዐረፈች። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎኑ ሙሉ ሰው ያንን የመርከብ ታሪክ እያነሣ፣ በለቅሶ መሀል ይስቃል። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ከድጃ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች። ሳትዞር ጠራችኝ።

«አሰሉ፣ እማማ ያን ዕለት ያሉት ሌላ ነበር።»

ቀጥላ ነገረችኝ። እናቴ ድልድዩ አፍ ላይ የተቀመጠችው መርከብ ልታቆም አልነበረም፤ ገና እንዳልመጣን ሲነግሯት ልትጠብቀን ብላ ነው። መኮንኑ ይነሡ፤ ጊዜ አልፏል፤ ወይ ይግቡ ወይ ይቅሩ ብሎ ነበር። እናቴ በአማርኛ የመለሰችው ሰውን አታስጨንቂ፤ መርከቡ ይሂድ፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጄን እጠብቃለሁ ነው። ምን አሉ ብሎ ወደ ከድጃ ዞረ።

«አንቺስ ምን አልሽው?» አልኳት።

«ልጃቸው እንዳንተው መርከበኛ ነበር፤ ባሕር ወስዶ አልመለሰውም። ዛሬ ሴት ልጃቸው የብስ ላይ ናት። ከእሷም ልትለየኝ ነው ወይ ይሉሃል አልኩት።» ብርጭቆውን ገለበጠች። «እማማ ይህን አላሉትም። ጠዋት አሸዋው ላይ ለኔ የነገሩኝን ነው እኔ ለሱ የነገርኩት።»

ባርኔጣውን ያወለቀው ያኔ ነበር። ከወገቡ ሬዲዮ አንሥቶ በቋንቋው ወደ ላይ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ከዚያ ባርኔጣውን እንደያዘ ከጎናቸው ቆመ። እናቴ ምን እንደተባባሉ አታውቅም። ሰውየው ፊቷን አይቶ የራራላት ነው የመሰላት። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ከድጃ እጇን በጨርቅ አደረቀች፤ አሰብ አድርጋ መለሰችልኝ። እማማ በዚያ ታሪክ በኩል ነው ደምሴን የሚያነሡት፤ የማያውቃቸው ሰው ሐዘናቸውን ከፊታቸው አንብቦ መርከብ እንዳቆመላቸው ሲያምኑ ይጽናኑ ነበር፤ ይህን ልወስድባቸው ነበር ወይ፤ አለችኝ።

«እንግዲያ መርከቡን ያቆምሽው አንቺ ነሻ» አልኳት።

«እኔማ ተናገርኩ እንጂ ምን አደረግኩ፤ ያቆመው ሰምቶ የቆመው ሰውዬ ነው» አለች፤ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች።

የእናቴ ዓርባ የወጣው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ሕዝቡ ከበላና ከጠጣ በኋላ እንደ ልማዱ የመርከቡ ታሪክ ይነገር ተባለ፤ ሁሉም ወደ ታደሰ ዞረ። ታደሰ ከወጥ ቤቱ ወሬ ወዲህ ያውቃልና፣ አንቺ ንገሪያቸው አለኝ። ተነሥቼ እንደሆነው ነገርኳቸው። እናቴ በአማርኛ ያለችውንም፣ ከድጃ በእንግሊዝኛ ያለችውንም፣ ሁለቱንም። ከድጃ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲዞርባት የምትገባበት አጣች። ከፊት ረድፍ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። በዝግታ እስከ በሩ ሄዱ፣ ማስታጠቢያውን ከእጇ ተቀበሉና ወደ ለቀቁት ወንበር አመለከቷት። ከድጃ አይሆንም አለች። እንደገና አመለከቷት፤ አሁንም አይሆንም አለች። በሦስተኛው ግን ሄዳ ተቀመጠች።